ከሚኒያፖሊስ ወደ ዊኒፔግ፦ መኪናውን እዚህ ገዝቼ ልሻገር ወይስ እዚያ ደርሼ ልግዛ?

ጥያቄ፦ ከ«ተሻጋሪው»

የተከበራችሁ ወገኖች፣ ላለፉት ስድስት ዓመታት የኖርኩት በሚኒያፖሊስ ሲሆን ባለቤቴ የካናዳ ዜጋ ሆና በዊኒፔግ ትኖራለች። እሷ ዋስ ሆና ያስገባችልኝ የቋሚ ነዋሪነት ማመልከቻ ተፈቅዶ የማረጋገጫ ወረቀቱ ባለፈው ሳምንት ስለ ደረሰኝ፣ ከሁለት ወር በኋላ ጓዜን ጠቅልዬ ለመሻገር እየተዘጋጀሁ ነው። የምሠራበት ቦታ ለቤቴ ቅርብ ስለ ነበር እስከ ዛሬ መኪና ሳይኖረኝ ቆይቻለሁ። የዊኒፔግን ክረምት ያለ መኪና መግፋት ከባድ እንደ ሆነ ግን ባለቤቴ ደጋግማ ነግራኛለች፤ የመጀመሪያ ልጃችን የሚወለድበት ጊዜም እየቀረበ ስለ ሆነ ነገሩን በይደር ላቆየው አልችልም።

እስከ አሁን ሁለት መኪኖች አይቻለሁ። አንደኛው አንድ ዲለር (የመኪና ነጋዴ) ዘንድ የቆመ የ2019 ሞዴል ቶዮታ ራቭ ፎር ነው። ሁለተኛው የ2017 ሞዴል ሂዩንዳይ ኤላንትራ ሲሆን፣ የሚሸጠው የአገራችን ልጅ ነው፤ ዋጋውም ከራቭ ፎሩ በጣም ይቀንሳል። ኤላንትራው ግን የባንክ ዕዳ ያለበት በመሆኑ ሻጩ «ገንዘቡን ስጠኝና ዕዳውን ዘግቼ ታይትሉን (የመኪናውን የባለቤትነት ወረቀት) በፖስታ እልክልሃለሁ» ብሎኛል።

ያስቸገረኝ የሰዎች ምክር እርስ በርሱ መጋጨቱ ነው። አንዱ «ከአሜሪካ መኪና ይዞ መግባት ማለት ዋጋውን ደግመህ ለጉምሩክ መክፈል ነው» ይለኛል። ሌላው «አዲስ ገቢ ስለ ሆንክ አንድ ሳንቲም አትከፍልም» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ መኪናውን አስነስቼ በቀጥታ መንዳት እንደምችልና በአሜሪካ በኩል ማንም እንደማይጠይቀኝ ነገረኝ። እኔ ማወቅ የምፈልገው፣ መኪናውን እዚህ ገዝቶ መሻገር ይሻላል ወይስ ዊኒፔግ ደርሶ መግዛት፣ ከሁለቱ መኪኖች የትኛው ያዋጣል፣ ከመነሳቴ በፊትስ የትኛውን ሰነድ ከየት ማውጣት አለብኝ የሚለውን ነው። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ ከ«የቀይ ወንዝ ጎረቤት»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለዎት። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ከፋርጎ ወደ ዊኒፔግ በተመሳሳይ መንገድ መኪናዬን ይዤ የገባሁ ስለ ሆንኩ ያለፍኩበትን በዝርዝር ላስረዳዎት።

የቀረጡን ጉዳይ በተመለከተ ሁለቱም መካሪዎችዎ ከፊል እውነት ይዘዋል፤ የሚናገሩት ግን ስለ ተለያዩ ሰዎች ነው። የካናዳ ጉምሩክ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመኖር የሚገባን ሰውና፣ እዚሁ እየኖረ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ መኪና ገዝቶ የሚመለስን ሰው በአንድ ዓይን አያይም። እርስዎ የመጀመሪያው ወገን ነዎት። አዲስ ነዋሪ ካናዳ ከመግባቱ በፊት የራሱ የነበረውን፣ በእጁ የነበረውንና ሲጠቀምበት የቆየውን የግል ንብረት ያለ ቀረጥና ያለ ታክስ ማስገባት ይችላል፤ መኪናም በዚህ ውስጥ ይካተታል። እነዚህ ሦስት ነገሮች ማለትም ባለቤትነት፣ ይዞታና አገልግሎት አንድ ላይ መሟላት አለባቸው። ስለዚህ መኪናውን እዚያው ገዝተው፣ በስምዎ አስመዝግበው፣ ታርጋ አውጥተውና ኢንሹራንስ ገብተው ቢያንስ ለጥቂት ሳምንታት ቢነዱት አቋምዎ የጸና ይሆናል። ከጉዞው በፊት ባለው ቀን የተገዛ መኪና ግን «መቼ ተጠቀምክበት?» የሚል ጥያቄ ማስነሳቱ አይቀርም። የግዢ ደረሰኙን፣ የኢንሹራንስ ውሉን፣ የዘይት ቅያሪ ወረቀቱን ሳይቀር በአንድ አቃፊ ውስጥ ያስቀምጡ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ልናገር። ነጻ መብቱ የሚጠየቀው በመጀመሪያው መግቢያ ቀን ነው። ምናልባት ባለቤትዎን ለማየት ቸኩለው በአውሮፕላን ሄደው ነዋሪነትዎን ቢያጸድቁና መኪናውን በኋላ ተመልሰው ሊወስዱ ቢያስቡ፣ በዚያው በመጀመሪያ ቀን ከኋላ የሚመጣ ዕቃ እንዳለ ለጉምሩክ መኮንኑ ማሳወቅና በዝርዝሩ ላይ ማስመዝገብ ግድ ይላል። ፎርሙ ቢ ኤስ ኤፍ 186 ይባላል። የመኪናውን ዓይነት፣ ሞዴል፣ የሻንሲ ቁጥርና ግምታዊ ዋጋ አስቀድመው ቤትዎ ሆነው ጽፈው ቢሄዱ ጊዜ ይቆጥባሉ። በዝርዝሩ ላይ ያልሰፈረ መኪና በኋላ ሲመጣ እንደ ማንኛውም አስመጪ መኪና ሊቆጠር ይችላል።

መብቱ ሁለት ገደቦች አሉት። መኪናውን ከገባበት ቀን ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ ቢሸጡት ወይም ለሌላ ሰው ቢሰጡት የቀረው ቀረጥ ይጠየቃል። ደግሞም መብቱ የግል መጠቀሚያ ለሆነ ዕቃ እንጂ ለንግድ አይደለም። እንደ ደረስኩ ኡበር ወይም ታክሲ እሠራበታለሁ ብለው አስበው ከሆነ ይህን መኪና ለዚያ አይቁጠሩት። ብዙ ወገኖቻችን ኑሯቸውን የሚጀምሩት በዚህ ሥራ ስለ ሆነ ነው ይህን የማነሳው።

ከቀረጥ ነጻ መግባት ማለት ግን ከፍተሻ ነጻ መሆን ማለት አይደለም። ካናዳ የራሷ የተሽከርካሪ ደኅንነት ደረጃ ስላላት፣ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ መኪና ሁሉ አይገባም። ትራንስፖርት ካናዳ የተባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት በየፋብሪካውና በየሞዴሉ የትኛው እንደሚገባ፣ የትኛው ማስተካከያ ተደርጎለት እንደሚገባ፣ የትኛው ጨርሶ እንደማይገባ የሚያሳይ ዝርዝር አለው። ለዲለሩ ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት የሚያዩት ያንን ዝርዝር ይሁን። ድንበር ላይ መኮንኑ ፎርም 1 የሚባለውን ይሞላልዎታል፤ ከዚያ ሪቭ በሚባለው የአስመጪ ተሽከርካሪዎች መዝገብ ክፍያውን ይፈጽማሉ። ክፍያው ታክስን ሳይጨምር 325 የካናዳ ዶላር ነው፤ አዲስ ነዋሪም ቢሆን ይከፍላል። ቀጥሎ ፎርም 2 ይላክልዎታል፤ በዚያም መኪናውን ካናዲያን ታየር ወደሚባለው መደብር ወስደው ያስመረምሩታል። ይህ ሁሉ መኪናው ከገባበት ቀን አንሥቶ በ45 ቀን ውስጥ መጠናቀቅ ስላለበት፣ ጉዞዎ ከልጅዎ መወለድ ጋር የሚገጣጠም ከሆነ ምርመራውን በመጀመሪያው ሳምንት ቢጨርሱት ይሻላል። 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው መኪና ከዚህ መዝገብ ነጻ ነው፤ የርስዎ ሁለቱም አይደርሱበትም።

መዝገቡ ከሚጠይቃቸው ሰነዶች አንዱ ያልተሠራ ሪኮል እንደሌለ የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ሪኮል ማለት ፋብሪካው ጉድለት አግኝቶበት በነጻ ለማስተካከል የጠራው ሥራ ስለ ሆነ፣ እዚያው ሚኒሶታ እያሉ በተፈቀደለት ዲለር አሠርተው ወረቀቱን ይቀበሉ። ካናዳ ከገቡ በኋላ ለአሜሪካ መኪና ይህን ማሠራት አንዳንድ ጊዜ ቀጠሮ ፍለጋ ብቻ ብዙ ቀን ይፈጃል።

መልስ፦ ከ«መካኒኩ ሴንት ፖል»

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክለኛ ነው። እኔ በመኪናው ምርጫ ላይ ብቻ ልናገር፤ ሙያዬ ይህ ስለ ሆነ የኤላንትራው ነገር ዝም ብዬ የማልፈው አይደለም።

ካናዳ ከመስከረም 1 ቀን 2007 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወዲህ በተሠሩ የቤት መኪኖች ላይ ሁሉ ኢሞቢላይዘር እንዲኖር በሕግ ታዛለች። ኢሞቢላይዘር ቁልፉ ውስጥ ያለውን ኮድ ካላነበበ ሞተሩን አላስነሣም የሚል ኤሌክትሮኒክ መቆለፊያ ነው። አሜሪካ ይህን አታዝም። በዚህ ምክንያት ከ2011 እስከ 2021 ለአሜሪካ ከተሠሩት የሂዩንዳይና የኪያ መኪኖች ውስጥ በተራ የብረት ቁልፍ የሚነሡት አብዛኞቹ ያለ ኢሞቢላይዘር ተሸጠዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል በየመንገዱ መስኮታቸው እየተሰበረ ሲሰረቁ የነበሩት እነዚሁ መኪኖች ናቸው፤ እኔ ራሴ በጋራዣችን የተሰበረ የመሪ አንገት ስንቱን እንደ ቀየርኩ መቁጠር ያዳግተኛል። ለካናዳ የተሠራው የ2017 ሞዴል ኤላንትራ ግን ሕጉ ስለሚያስገድድ ኢሞቢላይዘር አለው።

ስለዚህ የሚገዙት ኤላንትራ በቁልፍ የሚነሣ ከሆነ ድንበር ላይ ወይም በምርመራው ጊዜ ይህ ጉድለት ይገጥምዎታል። ፋብሪካው ስርቆቱን ለመከላከል በኋላ ያወጣው የሶፍትዌር ማሻሻያ በካናዳ ደረጃ ኢሞቢላይዘር ተብሎ የሚቆጠር አይደለም። በአዝራር የሚነሣው ዓይነት ግን ብዙውን ጊዜ ኢሞቢላይዘር ይዞ የተሠራ ነው። ሻጩን «በቁልፍ ነው ወይስ በአዝራር የሚነሣው?» ብለው ይጠይቁት፤ መልሱ በቁልፍ ከሆነ እኔ በርስዎ ቦታ ብሆን ወደዚያ መኪና ተመልሼ አልሄድም።

ራቭ ፎሩን በተመለከተ ደግሞ ሊያዩ በሚሄዱበት ቀን የሾፌሩን በር ከፍተው በምሰሶው ላይ የተለጠፈውን የፋብሪካ መለያ ይመልከቱ። መኪናው የአሜሪካን የደኅንነት ደረጃ አሟልቶ መሠራቱን የሚገልጸው እሱ ነው። በአደጋ ምክንያት በሩ ወይም ምሰሶው ተቀይሮ መለያው የጠፋ መኪና በካናዳ መዝገብ ትልቅ ችግር ያመጣል። የፍጥነት መቁጠሪያው በኪሎሜትርም ማሳየት መቻሉን፣ ቀን ቀን የሚበሩት የፊት መብራቶች በራሳቸው መብራታቸውን፣ ከኋላ ወንበር በስተጀርባ የሕፃን ወንበር ማሰሪያ መኖሩን ያረጋግጡ። ልጅ እየጠበቁ ስለ ሆነ የመጨረሻው ለምርመራው ብቻ ሳይሆን ለራስዎም ያስፈልጋል።

የሻንሲ ቁጥሩን ወስደው የመኪናውን ታሪክ ያውጡ። ካርፋክስ የተባለው የመኪና ታሪክ አውጪ ድርጅት አንዱ መንገድ ነው። ታይትሉ ላይ የጎርፍ፣ ለመለዋወጫ ብቻ ወይም የማይጠገን የሚል ምልክት ያለበት መኪና ካናዳ አይገባም። ሳልቬጅ (ክፉኛ የተጎዳ) የሚለው ምልክት ያለበት ተጠግኖና ተጨማሪ ምርመራ አልፎ የሚገባበት መንገድ አለ፤ ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሻገር ሰው በዚያ ውስጥ እንዲገባ አልመክርም። ከደቡብ ግዛቶች በጨረታ መጥተው ሚኒሶታ ውስጥ የሚሸጡ መኪኖች ላይ የጎርፍ ታሪክ ደጋግሞ ይገኛል፤ ምንጣፉን ገልጠው ወለሉን ማየትና ማሽተት አይከፋም።

ይህ ከሕግ ውጭ ያለ ምክር ነው፤ ሆኖም ልንገርዎት። ዊኒፔግ ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይወርዳል። እዚያ መኪና ሁሉ ከፊቱ የኤሌክትሪክ ገመድ ተንጠልጥሎበት የሚያዩት ሞተሩን የሚያሞቀው ብሎክ ሂተር ስላለው ነው። ራቭ ፎሩ ከሌለው ከመሻገርዎ በፊት ያስገጥሙት፤ ባትሪውም ከሦስት ዓመት በላይ ያገለገለ ከሆነ ይቀይሩት። መንገዱ ላይ የሚበተነው ጨው ብረት ስለሚበላ፣ መኪናው በማንሻ ላይ ተሰቅሎ ሆዱን ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ። የታመነ መካኒክ በጥቂት ዶላር ይህን ያይልዎታል፤ ዲለሩ እንዲታይ የማይፈቅድ ከሆነ መልሱን ያገኙት ያኔ ነው።

መልስ፦ ከ«ከፔምቢና የተመለሰው»

ሦስተኛው ሰው «በአሜሪካ በኩል ማንም አይጠይቅህም» ያለዎትን ሳነብ ያሳለፍኩት ሌሊት ትዝ አለኝና ለመጻፍ ተገደድኩ። እኔም ያንኑ ምክር ሰምቼ ነበር።

መኪናዬን ከሴንት ክላውድ ገዝቼ፣ ሚስቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ፣ በኢንተርስቴት 94 ፋርጎ ደርሼ፣ ከዚያ በ29ኙ ወደ ሰሜን ቀጥዬ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአሜሪካው ወገን ድንበር ላይ ያለችው ፔምቢና ደረስኩ። መሻገሪያው ሌሊትና ቀን ክፍት በመሆኑ ምንም አልጠረጠርኩም። ከአሜሪካ የሚወጣ መኪና ሰነድ የሚመረምረው ክፍል ግን በሥራ ቀንና ሰዓት ብቻ የሚሠራ ነበር። ሰነዴን አስቀድሜ አለመላኬን ስናገር ሥርዓቱን አሟልቼ እንድመለስ ተነገረኝ። ያን ሌሊት ልጆቼን ይዤ ሞቴል አደርኩ፤ በመጨረሻም ቤተሰቤን ዘመድ መጥቶ ወስዶልኝ እኔ ከነመኪናው ወደ ሚኒሶታ ተመለስኩ። ሁለተኛ ጊዜ የሄድኩት ከ11 ቀን በኋላ ነው። የገንዘቡ ወጪ ያልፋል፤ ልጆቼ ግን «አባዬ ለምን ከለከሉን?» እያሉ ሲያለቅሱ የምመልሰው ማጣቴ ዛሬም ድረስ ይከነክነኛል። ለዚህ ነው ሌላ ወገን በዚያ እንዳያልፍ አጥብቄ የምናገረው።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ያገለገለ መኪናን ለዘለቄታው ከአሜሪካ የሚያወጣ ሰው፣ መኪናው ከመውጣቱ ቢያንስ 72 ሰዓት አስቀድሞ ሰነዶቹን ለሚሻገርበት ኬላ የአሜሪካ ጉምሩክ ማቅረብ አለበት። በየብስ ለሚሻገር ሰው በዚያ ሦስት ቀን ውስጥ መኪናው እዚያ መቆም አያስፈልገውም፤ ሰነዱ ቀድሞ ይደርሳል፣ መኪናው በመሻገሪያው ቀን ይቀርባል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሻንሲ ቁጥሩ የተሰረቀ ወይም ዕዳ ያለበት መሆን አለመሆኑ ይጣራል። ሕጉ የወጣው የተሰረቁ መኪኖች ድንበር ተሻግረው እንዳይጠፉ ስለ ሆነ፣ መኮንኖቹ ዋናውን ታይትል ወይም በሕግ የተረጋገጠ ቅጂውን በእጃቸው ሳይዙ ማኅተም አይመቱም። ተራ ኮፒ ይዞ መሄድ አይበቃም።

ከታይትሉ ጋር የሚጠየቀው ሁለተኛው ነገር አይ ቲ ኤን የሚባለው ቁጥር ነው። ይህ የወጪ ዕቃ መረጃ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለአሜሪካ መንግሥት ሲመዘገብ የሚሰጥ መለያ ሲሆን፣ ያገለገለ መኪና ዋጋው ምንም ያህል ቢሆንና ወደ የትኛውም አገር ቢሄድ መመዝገብ አለበት። በራስዎ ለመመዝገብ የአሠሪ መለያ ቁጥር ስለሚጠይቅ፣ እንደ እኔና እንደ እርስዎ ያለ ግለሰብ የሚሻለው ለአንድ የጉምሩክ አስተላላፊ ከፍሎ ማሠራት ነው። ድንበር አካባቢ ይህን ሥራቸው ያደረጉ አስተላላፊዎች አሉ፤ ሰነዱን ለኬላው የሚልኩትም እነሱ ራሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ከመነሳትዎ በፊት ወደ ኬላው ደውለው የወጪ ተሽከርካሪ ክፍሉ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚሠራ፣ ሰነዱም መድረሱን ይጠይቁ። የነገረዎትን ሰው ስምና ሰዓቱን ወረቀት ላይ ይጻፉት።

ታይትሉ በስምዎ ተቀይሮ እስኪወጣ ሳምንታት ሊወስድ እንደሚችልም ይወቁ። ሚኒሶታ ተጨማሪ ክፍያ ለከፈለ ሰው ፈጥኖ የሚያወጣበት አገልግሎት ስላለ በግዢው ቀን ይጠይቁ። ሁለት ወር ብዙ ጊዜ ይመስላል፤ ግን ግዢው፣ ታይትሉ፣ ሪኮሉና ሰነድ መላኩ ሲደማመሩ ያልቃል።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ ከ«ተሻጋሪው»

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዛሬ ከሥራ እንደ ወጣሁ ለኤላንትራው ባለቤት ደውዬ ነበር፤ መኪናው በቁልፍ የሚነሣ መሆኑን ነግሮኛል። ስለዚህ እሱን ትቼ በራቭ ፎሩ ላይ አተኩሬአለሁ፤ የት እንደ ተሠራ ይናገራል የሚባለው የሻንሲ ቁጥሩም በ2 ይጀምራል። ሦስት ነገሮች ቀርተውኛል። ባለቤቴ ገንዘቡን በግማሽ ስለምታግዘኝ ታይትሉ በሁለታችን ስም ይሁን ትላለች፤ ይህ ችግር ያመጣል? ደግሞስ እኔ ከምገዛ እሷ በስሟ ገዝታ ብታስገባው ልዩነት አለው? የጎደለውን ገንዘብ ከባንክ ተበድሬ ብገዛስ?

መልስ፦ ከ«እኅት ከቶሮንቶ»

ወንድም፣ የባለቤትዎ ሐሳብ ከመልካም ልብ የመጣ ነው፤ ሆኖም መኪናው በርስዎ ስም ብቻ እንዲሆን እመክራለሁ። ነጻ መብቱ የተሰጠው ለአዲሱ ነዋሪ ንብረት ነው። እሷ የካናዳ ነዋሪ በመሆኗ በስሟ ገዝታ ብታስገባ እንደ ማንኛውም አስመጪ ትከፍላለች፤ በሁለት ስም ማድረግም መኮንኑን ለጥያቄ መጋበዝ ነው። ካናዳ ከገባ በኋላ ስለ ጋራ ንብረትነቱ የምትነጋገሩበት ሰፊ ጊዜ አላችሁ፤ የ12 ወሩን ገደብ ግን አስታውሱ።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደ ሆነ በቁጥር እንዲታይዎ እኔ ነዋሪ ሆኜ ከባፋሎ ገዝቼ ፒስ ብሪጅ በሚባለው የድንበር ድልድይ ባስገባሁት መኪና ላስረዳ። የሻንሲ ቁጥሩ በላቲኑ ፊደል J የሚጀምር፣ ጃፓን የተገጣጠመ ነበር። በ1፣ በ4 ወይም በ5 የሚጀምር አሜሪካ፣ በ2 የሚጀምር ካናዳ፣ በ3 የሚጀምር ሜክሲኮ የተገጣጠመ ነው። ከሰሜን አሜሪካ ውጭ በተሠራ መኪና ላይ 6.1 በመቶ ቀረጥ ይከፈላል። ዋጋው 12,000 የካናዳ ዶላር ቢሆን ቀረጡ 732 ነው፤ የአየር ማቀዝቀዣ ስላለው 100 ዶላር ኤክሳይዝ ይጨመራል፤ በድምሩ 12,832 ላይ 5 በመቶ የፌዴራል ታክስ ሲታሰብ 641 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይሆናል። እነዚህ ብቻ 1,473 ዶላር ከ60 ሳንቲም መሆናቸው ነው። ከዚያ ለሪቭ ተከፍሎ፣ ታርጋ ሲወጣ ደግሞ ኦንታሪዮ 8 በመቶዋን ትወስዳለች፤ ዊኒፔግ ያለችበት ክፍለ ሀገር የማኒቶባ ግን 7 በመቶ ነው። በዚህ ላይ ከሚያዝያ 9 ቀን 2025 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ካናዳ አሜሪካ በተሠሩ መኪኖች ላይ 25 በመቶ የአጸፋ ቀረጥ ጥላለች። የእኔ ግዢ ከዚያ በፊት ስለ ነበር አልነካኝም፤ ዛሬ ግን ነዋሪ ሆኖ አሜሪካ የተገጣጠመ መኪና ሊያስገባ የሚያስብ ሰው ይህን ሳያሰላ አይነሣ።

የርስዎ ራቭ ፎር በ2 የሚጀምር ከሆነ ኦንታሪዮ ውስጥ የተሠራ ነው፤ ወደ ተወለደበት አገር እየመለሱት ነው ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከአሜሪካ ወደ ካናዳ የሚመለሱ የቀድሞ ነዋሪዎች የሚጽፉትን ሲያነቡ ከርስዎ ጋር እንዳይቀላቅሉት። ለእነሱ ቢያንስ አንድ ዓመት ውጭ መኖር፣ ዕቃውን ከመመለሳቸው በፊት ለስድስት ወር መያዝ፣ ዋጋው ከ10,000 ዶላር ለሚበልጥ ዕቃም ከ10,000 በላይ ባለው ዋጋ ላይ መክፈል የሚል ደንብ አለ። እህቴ በዚህ መንገድ ስትመለስ ስድስት ወሩ ሊሞላ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጉዞዋን አራዝማ ጠብቃለች።

መልስ፦ ከ«የቀይ ወንዝ ጎረቤት»

የቀረውን የባንኩን ጥያቄ እኔ ልመልስ። ዕዳ ያለበት መኪና ከአሜሪካ እንዲወጣ ጉምሩኩ አበዳሪው መኪናው መውጣቱን እንደሚያውቅና እንደሚፈቅድ የሚገልጽ የጽሑፍ ደብዳቤ ይጠይቃል፤ በደብዳቤው ላይ የሻንሲ ቁጥሩና የአበዳሪው አድራሻ ይሰፍራል። ብዙ አበዳሪዎች መያዣቸው ከአገር እንዲወጣ አይፈቅዱም፤ የሚፈቅዱትም ደብዳቤውን ለመጻፍ ጊዜ ይወስዳሉ። ስለዚህ የጎደለውን ከባለቤትዎ ወይም ከቤተሰብ ተበድረው፣ ታይትሉ ከዕዳ ነጻ ሆኖ እንዲወጣ ቢያደርጉ ራስዎን ከብዙ ምልልስ ያድናሉ። አቅሙ ካልተገኘ አነስ ያለ ዋጋ ያለውን መርጠው በጥሬ ገንዘብ ቢገዙ እመርጣለሁ።

ኢንሹራንሱንም አይርሱ። ወደ ኢንሹራንስ ድርጅትዎ ደውለው ወደ ካናዳ እንደሚነዱ ይንገሩና ለካናዳ የሚሰጠውን የኢንሹራንስ ካርድ ይላኩልኝ ይበሉ። የሚኒሶታውን ውል መኪናው በማኒቶባ እስኪመዘገብ ድረስ አያቋርጡ። በማኒቶባ መሠረታዊው የመኪና ኢንሹራንስና ታርጋው አብረው የሚሰጡት በክፍለ ሀገሩ የሕዝብ ኢንሹራንስ ነው፤ ሰዎች አውቶፓክ ይሉታል። በየሠፈሩ ወኪል ስላለው፣ የተመረመረውን ፎርም 2፣ ድንበር ላይ የተሰጠዎትን የጉምሩክ ወረቀትና ታይትሉን ይዘው ወደ አንዱ ይሄዳሉ። ከሚኒሶታው ኢንሹራንስ ድርጅትዎ ያለ አደጋ የነዱበትን ጊዜ የሚገልጽ ደብዳቤ አስጽፈው ቢመጡ ለቅናሽ ሊረዳዎት ይችላል።

በጉዞው ቀን ማክሰኞን ወይም ረቡዕን ይምረጡ፤ የጎደለ ነገር ቢኖር በማግሥቱ ቢሮ ክፍት ነው። ማለዳ ከሚኒያፖሊስ ከተነሡ ከሰዓት በኋላ ፔምቢና ይደርሳሉ። መጀመሪያ በአሜሪካው ወገን ወርደው ታይትሉ ላይ ማኅተም ያስመቱ፤ ወደ ካናዳው መስኮት ከተጠጉ በኋላ ለዚህ ብሎ መመለስ አድካሚ ነው። በካናዳው ወገን ባለችው ኤመርሰን ላይ ከነዋሪነት ወረቀትዎ ጋር የዕቃ ዝርዝሩን ያቅርቡ፣ ፎርም 1 በእጅዎ መግባቱን ሳያረጋግጡ ከግቢው አይውጡ። ከዚያ በ75 ቁጥር መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነድተው ቤትዎ ይገባሉ። ያን ሳምንት ካናዲያን ታየር አብሬዎት መሄድ እችላለሁ፤ በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ።